ለእናቴ ኦቨን የደረሰላት ልጅ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ኩታበር ያላችሁ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ። የምጽፈው የእናቴን ኦቨን የሠራላትን ልጅ ለማመስገን ነው። መሀል ላይ መማረሬ አይቀርም፤ ታገሱኝ።

እህቴ ከዱባይ ለእናታችን ግድግዳ ውስጥ የሚገጠም ኦቨን በካርጎ ላከችላት። ከታች ኦቨን ነው፣ ከላይ ማይክሮዌቭ፣ ሁለቱም አንድ ላይ የተሠሩ። እናቴ መጀመሪያ ዞር ብላም አላየችውም። ለሷ ድፎ ዳቦ የሚባለው በኮባ ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት ሲነድበት ነው። በኋላ ግን ያለ ጭስ መጋገር ለመደች፣ ዓይኗም አረፈ። ለኢድ ሰፈሩን ሁሉ ዳቦ አበላች።

ከዚያ መበላሸት ጀመረ።

ስም አልጠራም። ደሴ ጠባብ ናት፣ ነገ ሸዋ በር ላይ ፊት ለፊት እንገናኛለን። ግን ካልተናገርኩ አይወጣልኝም።

እንዲሠራልን ጠርተነው አንዱ መጣ። "እማማ፣ ቡና አይጠጣም እንዴ?" ብሎ እናቴን ወደ ከሰሉ ላካት። ጀበናውን ጥዳ ስትመለስ ኦቨኑ ይሞቃል። "በጣም ከባድ ብልሽት ነበር" አለ። ተከፈለው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኦቨኑ እንደገና እምቢ አለ። ሰውየው ተጠራ፣ ቡናው ተጣደ፣ ከባዱ ብልሽት ተሠራ፣ ተከፈለ። ይሄ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ እናቴም አትናገርም፣ እኔም አልጠይቃትም። ሰውየው ምን ሲያደርግ እንደነበር ቆይታችሁ ትሰማላችሁ።

ሌላው "የዓረብ አገር ዕቃ ነው፣ የኛ መብራት አይስማማውም" ብሎ ስታቢላይዘር ግዙ አለን። ገዛን። ዛሬ ሳሎን ውስጥ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ተቀምጧል። ሌላኛው ደግሞ "ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ከአዲስ አበባ ላስመጣላችሁ" ብሎ ቀብድ ተቀበለ። ስልኩ እስከ ዛሬ ዝግ ነው። ማይክሮዌቩን ከኋላ ፈታትቶ፣ የወንድሜ ልጆች አጠገቡ ቆመው እያዩት፣ በካቻቢቴ ሲጎረጉር የዋለም አለ። እሱም በመጨረሻ "አዲስ ግዙ" አለን።

ያበሳጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። እህቴ በደወለች ቁጥር "ዳቦው እንዴት ነው?" ትላለች። እናቴ "አልሐምዱሊላህ፣ ይሄው እየጋገርኩ ነው" ትላታለች። ዳቦው ከሱቅ የተገዛ ነው። ልጇ በሰው አገር ለፍታ የላከችው ዕቃ ቆሞ መቅረቱን ልትነግራት አልሆነላትም። ስልኩን ዘግታ ዝም ስትል ማየት ይከብድ ነበር።

ይሄን ልጅ ያገናኘችን ጎረቤታችን ናት። ምጣዷን ሠርቶላት ነበር። እኔ ተስፋ ቆርጬ ስለነበር "ይምጣ እስቲ፣ የባሰ ምን ይመጣል" ብዬ ነው የጠራሁት።

በር ላይ ጫማውን አወለቀ። ከእናቴ ጋር ሰላም ተባባሉ፤ የወሎ ሰላምታ ነው፣ ቤተሰቡ ጎረቤቱ ሁሉ ሳይጠየቅ አይቀርም። ከዚያ ቦርሳውን ሳይከፍት ተቀመጠና "እማማ፣ የሚሠሩበት አንቱ ነዎት። መቼ መቼ ነው እምቢ የሚለው?" አላት።

ወላሂ፣ ከሱ በፊት ከመጡት አንዳቸውም እናቴን ጠይቀዋት አያውቁም። እኔን ይጠይቁኛል፣ ወንድሜን ይጠይቁታል። እኛ ደግሞ ኦቨኑን ነክተነውም አናውቅ። እሷ ግን ሁሉንም ታውቀው ኖሯል። "እንጀራ የምጋግር ቀን መሀል ላይ ድርግም ይላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሰዓቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ አይሞቅም። ላይኛው ቡና ሳሞቅበት እሳት ይተፋል" አለችው። ልጁ ሳቀ። "ጨረሱት እኮ እማማ! እኔ ታዲያ ምን ልሠራ መጣሁ?"

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙም አልገባኝም፤ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። የኦቨኑን በር ከፍቶ ጠርዙ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ጽሁፍ አሳየን። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ትላለች። እኛ አገር ያለውም እሱው ነው። ሶኬቱን ሲፈታው ሽቦው ጠቁሮ ላስቲኩ ቀልጧል። ለካ ምጣዱና ኦቨኑ አንድ ቀጭን መስመር ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም መብራት የሚበሉ ናቸው። ለኦቨኑ ወፍራም ሽቦ ለብቻው ዘረጋለት፣ የራሱንም ብሬከር አደረገለት። ካቢኔቱ ከኋላ ድፍን ስለነበር "ይሄ ዕቃ ታፍኗል፣ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል" ብሎ አየር መውጫ ከፈተለት። ቦርዱስ አልነው። ቦርዱ ደህና ነው።

የማይክሮዌቩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ውስጡ ጎኑ ላይ ካርቶን የምትመስል ስስ ነገር አለች፤ ቅባት ተረጭቶባት ተቃጥላለች። ከቦርሳው አዲስ አወጣና በመቀስ ልክ ልኳን ቆርጦ ገጠማት። በመቀስ! አዲስ ግዙ የተባልነው ለዚች ነው። እናቴ ቡና የምታሞቅበትን ሲኒም አምጡልኝ ብሎ አየው። ጠርዙ ላይ ወርቃማ ቅብ አለው። "ይሄ ብረት ነው እማማ፣ እዚህ ውስጥ አይግባ" አላት። ለኔ ደግሞ ለብቻዬ፣ የማይክሮዌቭን የኋላ ክዳን ሙያው የሌለው ሰው እንዳይፈታው፣ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ እንደሚያቆይ ነገረኝ። የወንድሜን ልጆች አስቤ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

የሰዓቱን ነገር ሆን ብዬ አቆየሁት። ይሄ ኦቨን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ካልተስተካከለለት አይሞቅም። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። ያ "ከባድ ብልሽት" ይሄ ነው! ሰውየው ቡና እያስፈላ ሰዓት ሲያስተካክል ነበር።

ልጁም አስተካክሎት መሄድ ይችል ነበር። እናቴ ቁልፎቹ ላይ ያለውን ጽሁፍ አታነብም። ይሄን ሲያይ የወንድሜን ሴት ልጅ "የጥፍር ቀለም አለሽ?" አላት። ቀይ አመጣችለት። መጀመሪያ የሚነካው ቁልፍ ላይ አንድ ነጥብ፣ ቀጥሎ የሚነካው ላይ ሁለት ነጥብ አደረገ። ከዚያ ብሬከሩን አጥፍቶ መልሶ አበራው። "በሉ እማማ።" እጇ ይንቀጠቀጣል። "ባበላሸውስ?" "አብሽሩ፣ እኔ እዚህ አይደለሁ እንዴ።" ሞከረች፣ ሳተች። አጠፋ፣ አበራ፣ እንደገና፣ አሁንም እንደገና። አልቸኮለም። ስልኩ ቢጠራም አላነሳም። ብቻዋን አስተካክላ ኦቨኑ ሲሞቅ እልል አለች፤ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። "ከንግዲህ ለዚች ብለው ለኔም ለማንም አይደውሉ" አላት። ነገ የሚበላበትን ሥራ በገዛ እጁ እየዘጋ እኮ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አሁን የት አለ?

ሂሳቡን ስንጠይቀው የሽቦና የብሬከሩን ደረሰኝ አስቀመጠ፣ በላዩ የእጁን ጨመረ፣ አለቀ። ለሰዓቱ ሳንቲም አልጠየቀም። እናቴ ዱዓዋን አዘነበችለት። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ እናትህ ትይህ፣ ሌላም ሌላም። እኔም አሚን አልኩ።

ሲሄድ የነገረንን ላካፍላችሁ፤ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ያላችሁ ይጠቅማችኋል። የኦቨኑ ወለል ላይ ፎይል አታንጥፉ። የፈሰሰውን ቅባት ሲበርድ ወዲያው ጥረጉ፣ የማይክሮዌቩን በተለይ። ውስጡ ከቆሸሸ በጎድጓዳ ሳህን ውሃና የሎሚ ቁራጭ አሙቁበት፣ እንፋሎቱ ያላላዋል። መብራት ሲሄድ ብሬከሩን አጥፉት፣ ተመልሶ እስኪረጋ ጠብቁ። ማይክሮዌቩን ባዶውን አታስነሱት።

እህቴ ስትደውል እናቴ ቪዲዮ አብሪልኝ አለችኝ። ብሬከሩን ራሷ አጠፋችው፣ አበራችው፣ ሰዓቱን በቀዩ ነጥብ አስተካክላ አሳየቻት። እህቴ ምን እያየች እንደሆነ አልገባትም። ሳቀች ብቻ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ነግሮኛል፤ ሰው ሲበዛበት መድረስ ስለማይችል ነው። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ኮምቦልቻም ይወርዳል፣ ሐይቅም ይሄዳል፤ ትራንስፖርቱን ግን ቻሉለት። እባካችሁ እሱን ጥሩት፣ ደግሜ እላለሁ እሱን ጥሩት። አርብ ለጁምዓ ስለሚገባ እኩለ ቀን ላይ አያነሳም። ሲመጣም ኦቨኑን የሚሠራበት ሰው ቤት ይኑር፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።