ቆርቆሮ ሳያስቀይሩ ጣሪያችንን ላቀኑልን አናጺ ምስጋና

ጎንደር ውስጥ ጣሪያው የሰረጎደበት ወይም ኮርኒሱ የወረደበት ሰው ካለ፣ ለቆርቆሮ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ይህን ጽሑፍ ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። አዘዞ ያለውን የእናቴን ቤት የጠገኑልንን አናጺ ላመሰግን ነው።

ቤቱ እንደ ሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ግድግዳው ጭቃ፣ ወጋግራው (ጣሪያውን የሚሸከመው ዘንበል ያለ እንጨት) እና ማገሩ ባሕር ዛፍ ነው። ጣሪያው መሀሉ ላይ ሰርጉዶ፣ የክረምቱ ዝናብ እዚያው እየተጠራቀመ በሚስማር ቀዳዳ ይገባ ነበር። ቀደም ብለው የመጡት ባለሙያዎች ከበር ሳያልፉ «ቆርቆሮው በሙሉ ይቀየር» ብለው ዋጋ ቆረጡልን። እኚህ ሰው ግን ስለ ዋጋ ከማውራታቸው በፊት መሰላል ጠየቁ።

በመጀመሪያ ከጣሪያው አናት ጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጠሩ፤ መሀል ላይ አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታየ። ከዚያ ቱንቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ) ጥለው ግድግዳው ከላይ ወደ ውጭ መግፋቱን አሳዩን። ኮርኒሱን ከፍተው በባትሪ ሲያበሩ ነገሩ ተገለጠ። ጥንድ ወጋግራዎችን ከታች የሚያያይዘው አግዳሚ ተቆርጧል! ከዓመታት በፊት ኮርኒስ የሠራ ሰው ክፍሉ ከፍ እንዲል ብሎ በመጋዝ አንሥቶታል፤ የእርሳሱ መስመር እንኳን ገና አልጠፋም። «እትዬ፣ ቆርቆሮዎ ምንም አላጠፋም» አሏት እናቴን። አግዳሚ የሌለው ወጋግራ ገመዱ እንደተበጠሰ ባለሁለት እግር መሰላል ነው፤ አናቱ ሲወርድ እግሩ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል።

ሁሉም ጉብጠት ግን ከዚህ አይመጣም። እርጥቡን የተሰቀለ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። የእንጨቱን ርዝመት ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የድርቀት ነው፤ ከሥር በኩል ቃጫውን አቋርጦ የሚሄደው ግን የስብራት መጀመሪያ ስለሆነ ወዲያውኑ ድጋፍ ይፈልጋል። ምስጥ የገባበትን ደግሞ ካቻቢቴ ይለየዋል፤ ወጋ ሲያደርጉት ዘው ካለ ውስጡ ባዶ ነው። ያለ ምክንያት መግጠም እንቢ ያለ በርም ጣሪያው ግድግዳውን መግፋቱን ሊጠቁም ይችላልና ቀና ብላችሁ እዩ።

ጥገናው ትዕግሥት የሚፈትን ነበር። በቋሚ እንጨት ደግፈው በክሪክ በጥቂት በጥቂቱ አነሡት፤ በአንድ ጊዜ ቢነሣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። አዲሱን አግዳሚ በሚስማር ብቻ ሳይሆን በብሎን አሰሩት፤ ከጎበጡት ወጋግራዎች ጎን ደረቅ እንጨት ደረቡ። ለዓመታት የጎበጠ እንጨት ሸክሙ ቢቀልለትም ፈጽሞ ቀጥ እንደማይል አስቀድመው ነግረውናል፤ እንዳሉትም ጥቂት ጉብጠት ቀርቷል። ቆርቆሮው ግን የድሮው ነው፤ ሚስማሮቹ ብቻ ጎማ ባላቸው ተተክተዋል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ስልክ አያነሡም። ሥራ ላይ ከሆኑማ ጭራሽ አትድከሙ፣ ማታ ደውሉ። ስማቸውን በአደባባይ መጻፍ ስላልወደዱ፣ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ሰኔ ከገባ በኋላ ግን ጣሪያ አይከፍቱም።