ከደበዘዘ ፎቶ ወፍ መለየት፦ ሜርሊንን ለአንድ ዓመት ሞክሬው

ቤታችን ጉለሌ ነው፣ ከእንጦጦ ግርጌ። ግቢው ውስጥ አንድ አሮጌ የኮክ ዛፍ አለ፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ እማዬ የተከለችው እሬት። ጠዋት ጠዋት ወፎቹ ይንጫጫሉ። እማዬ ትናንሾቹን በሙሉ «ድንቢጥ» ነው የምትላቸው፤ እኔም እንደዚያው እያልኩ ነው ያደግኩት። ባለፈው ዓመት ከወጥ ቤቱ መስኮት በስልኬ ፎቶ ማንሳት ስጀምር ግን ድንቢጥ ስላቸው የኖርኩት ቢያንስ አምስት ዓይነት ወፎች መሆናቸው ገባኝ።

ችግሩ ፎቶዎቹ ናቸው። ወፏ ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም፣ መስኮቱ አቧራ አለው፣ ስልኩ ከሩቅ አያይም። የሚወጣው ቅርንጫፍ ላይ የተለጠፈ ቡናማ ነጥብ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ትልቅ ካሜራ ላላቸው ሰዎች አይደለም። እንደ እኔ ደብዛዛ ፎቶ ይዛችሁ «ይቺ ምንድን ናት?» ለምትሉ ነው።

ሜርሊን በርድ አይዲ የሚባለውን አፕ የሠራው አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለው የወፎች ጥናት ማዕከል ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ነፃ ነው። ካርድ አይጠይቅም፣ ማስታወቂያ አያስቸግራችሁም።

ከእሱ በፊት ሌላ አፕ ነበረኝ፣ ስሙን አልጠራም። ለጥቂት ቀን ነፃ ነው ይልና ካርድ ያስገባል፤ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ በካርዷ አስመዘገበችኝ። እሬቱ አበባ ላይ ያነሳኋትን ወፍ አስገባሁለት። «ሀሚንግበርድ» አለኝ። ሀሚንግበርድ በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ የሚኖር ወፍ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ አንድም የለም። አፑ አገሬን አልጠየቀኝም፣ ወሩን አልጠየቀኝም፣ ዝም ብሎ ፎቶውን አይቶ ስም ሰጠ። እኔም አምኜው ለሰው ሁሉ «ግቢያችን ሀሚንግበርድ አለ» ስል ከረምኩ። በመጨረሻ የዓመት ክፍያው ከእህቴ ካርድ ላይ ተቆረጠ፣ ከልቤ አዘንኩ።

ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባል የለ? ወፍ የሚለይ አፕም መጀመሪያ አገሩን መጠየቅ አለበት። ሜርሊን ይጠይቃል። ፎቶውን ስትሰጡት ወፏ ሳጥኑን እስክትሞላ አቅርቡ ይላችኋል፣ ከዚያ የት ነው፣ መቼ ነው ብሎ ይጠይቃል። መልሳችሁን የሚያመሳክረው ኢበርድ ከሚባለው መዝገብ ጋር ነው። ኢበርድ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ሲሆን፣ አሁን ከመላው ዓለም የወፍ ተመልካቾች «እዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን፣ ይህን አየሁ» እያሉ የሚያስገቡት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አለ። ከዚያ ውስጥ በጥቅምት ወር አዲስ አበባ ግቢ የሚገባው ግን ጥቂቱ ነው። ደብዛዛ ፎቶ ለያዘ ሰው ይህ ማጣሪያ ከካሜራ ጥራት በላይ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ፎቶ ለያዘ ሰው ሜርሊን ሁለት መንገድ አለው፦ አንዱ በፎቶ፣ ሌላው በጥያቄ። ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደ ፎቶው ነው፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ፎቶው ጥርት ካለ የፎቶው መንገድ በጣም ግሩም ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ፎቶው ደብዛዛ ሲሆን ግን የጥያቄው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እናንተ በዓይናችሁ ያያችሁትን ካሜራው አላየውም። የሚጠይቀው ቀላል ነው። የት፣ መቼ፣ ምን ያህል ታክላለች፣ ዋና ዋና ቀለሞቿ ምንድን ናቸው (እስከ ሦስት)፣ ምን እያደረገች ነበር? መሬት ላይ ነበረች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ሽቦ ላይ ወይስ እየበረረች?

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የተቀመጠች ግራጫ ወፍ አነሳሁ። ፎቶው ላይ የሚታየው ክብ ሆድና የተነቀነቀ ጭንቅላት ብቻ ነው። በፎቶ ስጠይቅ ሁለት ስም ወጣ፦ ስዌይንሰንስ ስፓሮው እና ብራውን ራምፕድ ሲድኢተር። የመጀመሪያዋ እውነተኛዋ ድንቢጥ ናት። ጭንቅላቷ ሙሉ ለሙሉ ግራጫ ነው፣ ምንም ምልክት የለውም፤ ክንፏና የጀርባዋ ታች ግን የሸክላ ቀለም አለው። ሁለተኛዋ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማትገኝ የደጋ ወፍ ናት፤ ገላዋ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ቡናማ ሆኖ ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ አላት። ልዩነቱ ቅንድቡ ነው። ፎቶዬ ላይ ደግሞ ቅንድብ ይሁን የብርሃን ጭረት አይለይም።

ስልኩን ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትንሽ አየችውና «ይቺማ እህል ሳበጥር እግሬ ሥር የምትለቅመዋ ናት» አለች። «ቆርቆሮው ሥር ጎጆ የምትሠራዋስ?» አልኳት። «እሷ ሌላ ናት፣ እሷ ወፍራም ምንቃር አላት፣ ትጣላለች። ይቺ ዝም ብላ ነው የምትበላው፤ ጎጆዋም እዚያ ኮኩ ላይ ነው።»

እማዬ ሁለቱንም ድንቢጥ ብትላቸውም ለካ ለይታ ነው የምታውቃቸው። ቆርቆሮ ሥርና ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ጎጆ የሚሠራው ስፓሮው ነው፤ ሲድኢተሯ ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ ትንሽ ስኒ የመሰለ ጎጆ ነው የምትሠራው። ወደ ኮኩ ሄጄ ቀና ስል ጎጆው አለ። ሁለት ቅርንጫፍ መሃል ተወሽቆ፣ ከሣርና ከክር የተሠራ፤ ክሩ ከእኛው ከተሰጣው ነጠላ ጥለት የተመዘዘ ቀይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፑን የምሞላው እማዬን ከጎኔ አስቀምጬ ነው። «ምን እያደረገች ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ከእሷ የተሻለ መላሽ የለም። እናንተም ቤታችሁ ግቢው ላይ የሚውል ሰው ካለ ጠይቁት፣ አያታችሁን፣ ጥበቃውን፣ ልጆቹን።

ቀለምን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ደብዛዛ ፎቶ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀለም ነው። ያቺ «ሀሚንግበርድ» የተባለች የእሬት ወፍ በእኔ ፎቶ ላይ ጥቁር ነበረች፣ ረጅም ጅራት ያላት ጥቁር ወፍ። ሜርሊን ላይ ግን ጥቁር ብዬ ስሞላ አልመጣ አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እነዚህ አበባ የሚቀስሙ ወፎች፣ በእንግሊዝኛ ሰንበርድ የሚባሉት፣ የሚያብረቀርቀው ቀለማቸው ቅብ አይደለም፤ ላባው ላይ ያሉ በዓይን የማይታዩ ንብርብሮች ብርሃኑን ሲመልሱት የሚፈጠር ነው። ፀሐይዋ ከወፏ ጀርባ ከሆነች ቀለሙ የለም፣ ጥቁር ነው።

በማግስቱ ፀሐይ ከእኔ ጀርባ እስክትሆን ቆይቼ አነሳሁ። ፎቶው አሁንም ደብዛዛ ነው፣ ግን ደረቱ ላይ ወይን ጠጅ ቦግ አለ። ታካዜ ሰንበርድ! ስሙን ያገኘው ከራሳችን ከተከዜ ወንዝ ነው። ደጋው ላይ ሌላ ረጅም ጅራት ያለው አረንጓዴ ሰንበርድ፣ ማላካይት የሚባል፣ አለ፤ ጥላ ውስጥ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ስለዚህ ወፏ ጥላ ውስጥ ከነበረች «ጥቁር» ብላችሁ አትሙሉ። ምንቃሩን እዩ። ቀጭንና ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ ሰንበርድ ነው፣ አጭርና ወፍራም ከሆነ እህል ለቃሚ ነው። ቅርጽ ከቀለም በኋላ ነው የሚጠፋው፤ ሌላው ሁሉ ቢደበዝዝ እንኳ የምንቃር ቅርጽ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ስለ ስልክም ልናገር። የአሁን ስልኮች ሩቅ ነገር ስታቀርቡባቸው ፎቶውን ራሳቸው «ያስተካክላሉ»። የእኔ ስልክ ያስተካከላት አንዲት ወፍ ቁልጭ ያለ ነጭ ቅንድብ ነበራት፣ ከእሷ በፊትና በኋላ በተነሱት አራት ፎቶዎች ላይ ግን ቅንድብ የሚባል የለም። ስልኩ ነው የሳለላት። ደብዛዛ እውነት ከጥርት ያለ ፈጠራ ይሻላልና ማሳመሪያውን ማጥፋት ከቻላችሁ አጥፉት። አንድ ፎቶ ብቻም አትመኑ፤ ተከታታይ አምስት ስድስት አንሱ፣ ወይም ቪዲዮ ቀርጻችሁ ከውስጡ ምረጡ። በሁሉም ላይ የሚደጋገመው ምልክት የወፏ ነው። አንዱ ላይ ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋው የብርሃኑ ወይም የስልኩ ነው።

ሜርሊን ስሞችን ሲደረድር መጀመሪያ ላይ የመጣው ትክክለኛው ነው ማለት አይደለም። እያንዳንዱን ስም ተጭናችሁ ፎቶዎቹን እዩ፤ የወንዱን፣ የሴቷን፣ የጫጩቷን። ግራ የሚያጋቡት ሴቶቹና ጫጩቶቹ ናቸው። የታካዜዋ ሴት ለምሳሌ ወይን ጠጅ የሚባል ነገር የላትም፣ አመድማ ናት።

ጭራሽ ካልተቻለ ሁለተኛ መሄጃ አለ፣ አይናቹራሊስት። እሱም ነፃ ነው። ፎቶውን ታስገባላችሁ፣ የሚያውቁ ሰዎች አይተው ስም ይሰጣሉ፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ካልተስማሙበት እንደጸና አይቆጠርም። የእኔን ሁለት ፎቶ ሰዎች አርመውልኛል፣ ለምን እንደሆነም ጽፈውልኛል፣ ከዚያ ብዙ ተምሬያለሁ። ቤታችሁ ያለበት ቦታ በካርታው ላይ በትክክል እንዳይታይ ግን ሲያስገቡ ቦታውን ደበቅ የሚያደርገውን ምርጫ ንኩ።

ለሜርሊን የአካባቢውን የወፎች ጥቅል ማውረድ ያስፈልጋል፣ ከባድ ነውና በዋይፋይ አውርዱት። አንዴ ከወረደ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ሄጄ ዳታ ሳልከፍት ተጠቅሜበታለሁ። ስሞቹን በእንግሊዝኛ ነው የማነበው፣ እኔ ግን በጎን ደብተር ይዤ እማዬ የምትላቸውን ስምና ጠባይ እጽፋለሁ።

ካየሁት ሁሉ ደስ የሚለኝ ቀላሉ ነው፤ ዋይት አይ። አረንጓዴ ቢጫ፣ በዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበት። ፎቶው ምንም ያህል ቢበላሽ ያ ቀለበት እንደ አዝራር ቁጭ ብሎ ይታያል። የጎረቤት ልጅ በመጀመሪያ ቀን ነው የለየው፣ «ጋሼ፣ መነጽር ያደረገችው መጣች» እያለ ይጠራኛል።

ያልፈታሁት አንድ አለ። ከኅዳር ጀምሮ ኮኩ ላይ ቅጠል ለቅጠል እየዘለለች ነፍሳት የምትለቅም አረንጓዴ ቀመስ ትንሽ ወፍ። አሥራ አንድ ፎቶ አለኝ። ሜርሊን ሁለት ስም ይሰጠኛል፣ ቺፍቻፍ ወይም ዊሎው ዋርብለር፤ ሁለቱም ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ናቸው። እነዚህን ጥርት ባለ ፎቶም መለየት ከባድ ነው። አንዱ መለያ እግር ነው፦ የቺፍቻፍ ጠቆር ይላል፣ የዊሎው ዋርብለር አብዛኛውን ጊዜ ፈዘዝ ያለ ነው። በአሥራ አንዱም ፎቶ እግሯን ቅጠል ሸፍኖታል። ደብተሬ ላይ «ከሁለቱ አንዷ» ብዬ ጽፌ ትቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ተመልሳ መጥታለች፣ መስኮቱንም ወልውዬዋለሁ።