ሦስት የእጅ ሥራ ምንጣፎች፦ ከ14 ወር በኋላ

ቤቴ ውስጥ ሦስት ምንጣፎች አሉ፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ ልጆች ክፍል፣ አንዱ መኝታ ቤት። ሦስቱም «የእጅ ሥራ» ተብለው ነው የተሸጡልኝ። ውሸት አልነበረም። አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። ይህን የተረዳሁት ገዝቼ፣ ረግጬና አጥቤ ካየኋቸው በኋላ ነው።

የሳሎኑ የደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄጄ፣ ሲሠራ አይቼ ነው የገዛሁት። በቆመ እንጨት ላይ ድሩ ተወጥሯል። ሠራተኛዋ የሱፍ ክሩን ድሩ ላይ ትቋጥራለች፣ በቢላ ትቆርጣለች፣ ደግማ ትቋጥራለች። ረድፉ ሲያልቅ ማግ አሳልፋ ጠቅጠቅ ታደርገዋለች። እያንዳንዷ ቋጠሮ ለብቻዋ የምትያዝ ናት። ያንን እያየሁ ዋጋ ለመከራከር ልቤ እምቢ አለኝ።

የመረጥኩት ቀለም ያልገባበትን ነው። ነጭ፣ ቡኒና ጥቁር፣ በጉ ላይ እንዳለ። እስከ ዛሬ ተደስቼበታለሁ። ፀሐይ በመስኮት በቀጥታ ያገኘዋል፤ የተለወጠ ነገር ግን አላየሁበትም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አስቸጋሪ ነበሩ። ጸጉሩ ይረግፋል። በየቀኑ ጠርጌም ካልሲያችን ላይ አይጠፋም ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ አቆመ። ሱፉ ሸካራ ስለሆነ ባዶ እግር ይኮሰኩሳል። ክረምት ላይ ደግሞ የበግ ሽታ ይመጣል። ይህን የማይወድ ሰው ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ልቤን የወሰደው የፋሲካ ዕለት ነው። ቡና እየተፈላ ፍም ከማንደጃው ዘሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ደንግጬ ተነሣሁ። ሱፉ አልተቀጣጠለም፤ ጥቁር ቅርፊት ብቻ ሠራ። ሲቀዘቅዝ በጥፍሬ ፈቀፈቅሁት፤ አሁን ቦታውን ፈልጌ ነው የማገኘው። ሰው ሠራሽ ክር ቢሆን ቀልጦ ይቀር ነበር። ቡና ሲደፋበትም ጠብታው ወዲያው አይሰርግም፤ ቶሎ በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን ካደረጉት ይነሳል። ማሸት ግን የለም።

የልጆቹ ክፍል የመንዝ ባና ነው። እናቴ ስታየው ቅር አላት። «ባና ይለበሳል እንጂ ይረገጣል እንዴ!» አለችኝ። ልክ ናት፤ የብርድ ልብስ ነው። እኔ ግን ወለል ላይ አነጠፍኩት፣ ሠራልኝም። ቋጠሮ የለውም፤ በድርና ማግ ብቻ የተሸመነ ስለሆነ ስስ ነው። ብቻዬን አውጥቼ አራግፈዋለሁ። በአንድ በኩል ሲቆሽሽ እገለብጠዋለሁ። ችግሩ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። ትንሹ ልጄ አንዴ ወድቆበት፣ በማግስቱ ከሥሩ የላስቲክ ማንሸራተት መከላከያ ገዝቼ አደረግሁ። የእኔው ከሁለት ቁራጭ የተጋጠመ ነው፤ በ9ኛው ወር ስፌቱ ተተረተረ። እናቴ ራሷ በወፍራም መርፌ ሰፋችው።

ሦስተኛውን አዲስ አበባ ውስጥ ካለ ሱቅ ነው የገዛሁት። ለስላሳ ነው፣ ሥዕሉም ያምራል። «እህቴ፣ ይሄም የእጅ ሥራ ነው፤ ግማሽ ዋጋ ነው» አለኝ ሻጩ። የእጅ ሥራነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ክሩ አልተቋጠረም። ሽጉጥ በሚመስል መሣሪያ ጨርቅ ውስጥ እየተወጋ ይገባና ከጀርባ በሙጫ ይያዛል። ሙጫው እንዳይታይ ሌላ ጨርቅ ይለጠፍበታል። ሽታው ለሳምንታት አልወጣም። በ8ኛው ወር ሳነሳው ሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ተበትኖ አገኘሁ። ሙጫው ደርቆ እየተፈረፈረ ነው። አሁን ክሩን ሳብ ሳደርገው ሙሉውን ይወጣል። ቋጠሮ የለውማ፣ ምኑ ይያዝ?

ስለዚህ ምንጣፍ ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ ገልብጡት። በቋጠሮ የተሠራ ከሆነ ሥዕሉ ከጀርባም ቋጠሮ በቋጠሮ ይታያል። ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍም የድሩ ቀጣይ ነው። ዘርፉ ተሰፍቶ የተጨመረ፣ ጀርባውም በጨርቅ የተሸፈነ ከሆነ በሙጫ የተያዘ መሆኑን ጠርጥሩ።

ስለ ብልም ልንገራችሁ፤ ሱፍ ያለበት ቤት ይመጣል። የሳሎኑ ምንጣፍ አንድ ጥግ ሶፋ ሥር ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳላነሳው ቆይቼ መስከረም ላይ ሳየው የጣት ጫፍ የምታክል ቦታ ተበልታለች። ብል የሚወደው ጨለማና የማይረገጥ ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ አውጥቼ ፀሐይ ላይ እደበድበዋለሁ፣ አቅጣጫውንም አዞረዋለሁ። በሙቅ ውሃ ግን እንዳታጥቡት፤ ሱፉ እርስ በርሱ ይጣበቅና ይኮማተራል።

ተከራይ ከሆናችሁና ቤት የምትቀያይሩ ከሆነ ባናውን እመክራለሁ፤ ተጠቅልሎ በአንድ ክንድ ይያዛል። ቡና በየቀኑ የሚፈላበት ሳሎን ላላችሁ ግን ያለ ጥርጥር ቋጠሮው። የመኝታ ቤቱን ከገና በፊት አነሳዋለሁ። ልኩን ወስጄ፣ 120 በ180 ሳንቲ ሜትር፣ ለዚያችው የደብረ ብርሃን ሠራተኛ አዝዣለሁ። ጥቁሩ እንዲበዛ ነግሬያታለሁ።