ሲንጋፖር ወይስ ኩዋላ ላምፑር? ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሄድ ያሰበ ሰው እነዚህን ሁለት ከተሞች ማወዳደሩ አይቀርም። ሁለቱም ለምድር ወገብ የቀረቡ ናቸው። ሁለቱም በሰማይ ጠቀስ ፎቅ የተሞሉ ናቸው። በሁለቱም ማላዩ፣ ቻይናዊውና ሕንዱ ጎን ለጎን ይኖራል። እንዲያውም ሲንጋፖር ከ1963 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. የኩዋላ ላምፑር አገር የሆነችው የማሌዢያ አካል ነበረች።

ብዙ ሰው "አንዷ ውድ፣ አንዷ ርካሽ" ብሎ ንጽጽሩን ይዘጋዋል። ውሸት አይደለም፤ ግን ለምርጫ አይበቃም። ሁለቱንም ካየሁ በኋላ እኔ የምለው ይህን ነው፦ ሲንጋፖር ጊዜያችሁንና ጉልበታችሁን ትቆጥብላችኋለች፤ ኩዋላ ላምፑር ደግሞ ገንዘባችሁን። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የትኛው እንደሚያጥራችሁ ለራሳችሁ መልሱ።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

1 የሲንጋፖር ዶላር (ከዚህ በታች ዶላር ስል ይህን ነው) 3 የማሌዢያ ሪንጊት ገደማ ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው አልጋ ላይ ነው። ሲንጋፖር ውስጥ መሃል ከተማ ያለ መካከለኛ ሆቴል ለአንድ ሌሊት ከ150 እስከ 250 ዶላር ቢጠይቃችሁ አትደንግጡ። ያውም ክፍሉ ጠበብ ያለ ነው። ኩዋላ ላምፑር ላይ ከ200 እስከ 350 ሪንጊት ከፍላችሁ ሰፊ ክፍል፣ ብዙ ጊዜም መዋኛ ያለው ሆቴል ታገኛላችሁ። በሲንጋፖር ሒሳብ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ሁለቱም ጋ ሒሳቡ ላይ የሚጨመር ነገር አለ። ሲንጋፖር ምግብ ቤት ገብታችሁ ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ፣ 10 በመቶ የአገልግሎትና 9 በመቶ የታክስ ክፍያ ይጨመራል ማለት ነው። ማሌዢያ ደግሞ ከውጭ እንግዳ በእያንዳንዱ ክፍል በአንድ ሌሊት 10 ሪንጊት የቱሪዝም ግብር ትወስዳለች። ሆቴሉ ቆጣሪ ላይ ስትጠየቁ ተታለልን እንዳትሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር አካባቢ ሲንጋፖር የፎርሙላ ዋን የምሽት ውድድር ታስተናግዳለች። በዚያ ሳምንት የሆቴል ዋጋ ጣሪያ ይነካል። ቀኑን አይታችሁ ሽሹት።

ምግቡ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ምክንያቱም እነዚህን ከተሞች በደንብ የምታውቋቸው በምግባቸው ነው።

ሲንጋፖር ውድ ናት የሚለው ወሬ ሃውከር ሴንተር በር ላይ ያበቃል። ሃውከር ሴንተር ማለት በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ትናንሽ የምግብ መሸጫዎች የተደረደሩበት አዳራሽ ነው። ድሮ መንገድ ዳር ይሸጡ የነበሩትን መንግሥት ሰብስቦ፣ ውኃና ፍሳሽ አስገብቶ ያስቀመጠበት ቦታ ነው። ይህ ባህል በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ማክስዌል የሚባለው በቻይና ሰፈር ይገኛል። ቴካ የሚባለው በትንሿ ሕንድ ነው። ከ4 እስከ 8 ዶላር ባለው ጠግባችሁ ትወጣላችሁ። በዶሮ መረቅ የበሰለውን ሩዝ ከዶሮው ጋር ቅመሱ። ላክሳ የሚባለውን በኮኮናት ወተት የሚሠራ ቅመም የበዛበት የኑድል ሾርባም እንዳታልፉት።

ባዶ ጠረጴዛ ላይ የሶፍት እሽግ ካያችሁ አትቀመጡ። ሰው ይዞታል ማለት ነው። እናንተም እንዲሁ መያዝ ትችላላችሁ። በልታችሁ ስትጨርሱ ሳህኑንና ትሪውን ራሳችሁ መልሱ፤ ከ2021 ጀምሮ ግዴታ ነው።

ኩዋላ ላምፑር የራሷ የሆነ መልክ አላት። የከተማዋ ነፍስ ያለው ማማክ በሚባሉት ቤቶች ነው። የሕንድ ሙስሊሞች የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች ናቸው። ብዙዎቹ ሌሊቱን ሙሉ አይዘጉም። ሮቲ ቻናይ የሚባለው ተደራርቦ የሚጋገር ቂጣ ከምስር ወጥ ጋር ይቀርባል። ዋጋው ጥቂት ሪንጊት ብቻ ነው። ሻዩን ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ከፍ አድርገው እየገለበጡ አረፋ ያወጡለታል። እኩለ ሌሊት ላይ ማላይ፣ ቻይናዊና ሕንድ ጓደኛሞች በአንድ ጠረጴዛ ኳስ ሲያዩ የምታገኙት እዚያ ነው። ከሁለቱ ከተሞች ምግብ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህንን እመርጣለሁ። ጃላን አሎር የሚባለው የምግብ መንገድም ደማቅ ነው። ግን ለቱሪስት የተሰናዳ ስለሆነ ዋጋ ሳትጠይቁ አትዘዙ።

ለጾመኞች፦ የሂንዱና የቡዲስት አትክልት ቤቶች በሁለቱም ከተማ ሞልተዋል። ሆኖም የሕንዱ ምግብ ቅቤ ሊኖረው ይችላል። የማላዩ ደግሞ ብላቻን የሚባል የሽሪምፕ ድልህ ይገባበታል፤ አትክልት የሚመስለው ጎመን ውስጥ ሳይቀር። ጠይቁ። አሳማ ለማይበላ ሰው ኩዋላ ላምፑር ይቀለዋል፤ ብዙ ምግብ ቤት ሐላል ነውና። ሲንጋፖር ላይ የሐላል ምልክቱን ማየት ያስፈልጋል።

የብዙ ሕዝቦች ከተማነታቸው

ሲንጋፖር ላይ ይህን በእግር እየሄዳችሁ ታዩታላችሁ። ሳውዝ ብሪጅ በሚባለው መንገድ ላይ ጃማይ መስጊድን ታያላችሁ። ከሱ አለፍ ብሎ በ1827 የተመሠረተው የስሪ ማሪያማን የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ። ትንሽ ስትቀጥሉ ትልቁ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚገኘው የቻይና ሰፈር በሚባለው ቦታ ነው። እኔን በጣም የገረመኝ ይኸው ነው። አብሮ መኖሩ ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አብዛኛው ነዋሪ መንግሥት በሠራው አፓርታማ ይኖራል። ከ1989 ጀምሮም በየሕንፃው የየብሔረሰቡ ድርሻ በሕግ ተወስኗል። አራት የሥራ ቋንቋዎች አሏት፦ እንግሊዝኛ፣ ማላይ፣ ማንዳሪንና ታሚል። የምድር ባቡሩ ጣቢያ ውስጥ አራቱንም ተጽፈው ታገኛላችሁ።

ኩዋላ ላምፑር እንዲህ አልተደረደረችም። በ1857 ቆርቆሮ ፍለጋ በመጡ ቻይናውያን ማዕድን ቆፋሪዎች ተጀመረች። ስሟ ጭቃማ የወንዞች መገናኛ ማለት ነው። በዚያው መገናኛ ላይ በ1909 የተከፈተው ጃሜክ መስጊድ ቆሟል። ከዚያ ቻይናዊው የፔታሊንግ ጎዳና ሩቅ አይደለም። ትልቁን ነገር ለማየት ግን ከከተማው ትንሽ ወጣ ማለት ይኖርባችኋል። ባቱ ዋሻ ይባላል። 42.7 ሜትር ከፍታ ያለው የሂንዱ አምላክ የሙሩጋን ወርቃማ ሐውልት ሥር 272 ደረጃ ትወጣላችሁ። ከከተማዋ ዋና ጣቢያ ከኬኤል ሴንትራል በባቡር ይደረሳል። ጠዋት ሂዱ፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ ምግብ በእጃችሁ አትያዙ። ዝንጀሮዎቹ ይነጥቃሉ። ታይፑሳም የተባለው የሂንዱ በዓል በጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ይከበራል። ያን ቀን ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው።

ለእይታ የሚሄድ ሰው የኩዋላ ላምፑሮቹን የፔትሮናስ ማማዎች እንደማይተው አውቃለሁ። 452 ሜትር፣ 88 ፎቅ። ከ1998 እስከ 2004 በቁመት ከዓለም አንደኛ ነበሩ። ሰኞ ለጎብኚ ዝግ ናቸው። ቲኬቱን ቀድማችሁ ግዙ። ሲንጋፖር ላይ የባሕር ዳሩ የአትክልት ሥፍራ፣ ጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ፣ ግዙፍ ሰው ሠራሽ ዛፎች አሉት። ማታ በፈረንጅ 7፡45 እና 8፡45 (በእኛ 1፡45 እና 2፡45) የሚታየው የብርሃንና ሙዚቃ ትርኢት በነፃ ነው። የማሪና ቤይ ሳንድስ ሆቴል ጣሪያ ላይ ያለው ዝነኛ መዋኛ ግን ለሆቴሉ አዳሪዎች ብቻ ነው።

መጓጓዣና ወበቅ

በዚህ ሲንጋፖር ትበልጣለች፤ ክርክር የለውም። ኤምአርቲ ባቡሩ ላይ የባንክ ካርዳችሁን አስነክታችሁ ትገባላችሁ። ከቻንጊ አየር ማረፊያ እስከ መሃል ከተማ ከ3 ዶላር በታች ነው። የእግረኛ መንገዱ የተስተካከለ ነው። የልጅ ጋሪ የሚገፋ ወይም እናቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አቅልሎ አይየው። የቧንቧ ውኃም ይጠጣል። ኩዋላ ላምፑር ላይ የታሸገ ወይም የተፈላ ውኃ ጠጡ።

ኩዋላ ላምፑር አየር ማረፊያው ሩቅ ነው። ፈጣኑ ባቡር በ28 ደቂቃ ያደርሳል፤ ዋጋው 55 ሪንጊት ነው። ከተማ ውስጥ ባቡር አለ፤ ግን ከጣቢያው ወርዳችሁ ፊት ለፊት ወደሚታየው ሕንፃ ለመሻገር መንገድ ልታጡ ትችላላችሁ። ስለዚህ ሁሉም ሰው ግራብ በሚባለው መተግበሪያ መኪና ይጠራል። ዋጋው ደህና ነው፣ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ጀመረና ለአጭር መንገድ ከ40 ደቂቃ በላይ መኪና ጠብቄያለሁ። ያን ቀን የያዝኩት ቀጠሮ አለፈኝ። የበረራ ቀን ከሆነ ባቡሩን ያዙ።

በአየር ጠባይ ብዙም አይለያዩም። ዓመቱን ሙሉ ሙቀት፣ ዓመቱን ሙሉ ወበቅ። ሲንጋፖር ዲሴምበር ላይ ዝናቧ ይበረታል። ኩዋላ ላምፑር ደግሞ በኤፕሪል እንዲሁም በኦክቶበርና ኖቬምበር። አንዳንድ ዓመት ከሱማትራ የሚመጣ የቃጠሎ ጭስ ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል፤ 2015 እና 2019 እንዲያ ነበሩ። አስም ያለበት ሰው ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ያለውን ጊዜ ቢተወው ይሻለዋል።

ወረቀትና ሕግ

የአንዱ አገር ቪዛ ለሌላው አያገለግልም። ለእያንዳንዱ ለየብቻው አረጋግጡ። ሁለቱም ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የሚሞላ የዲጂታል መግቢያ ቅጽ አላቸው። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ይያዝ።

ሲንጋፖር ማስቲካ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሲጋራም ከቀረጥ ነፃ አይገባም፤ አንድ ፓኮ ቢሆን አስመዝግቡ። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጭራሽ አይሞከርም። የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ በሁለቱም አገር እስከ ሞት ያስቀጣል። እባካችሁ፣ "እዚያ ለእንትና አድርሱልኝ" የተባላችሁትን የታሸገ ዕቃ አትቀበሉ። ዘመድ ቢሆንም።

እንግዲህ የቱን?

ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ካላችሁ፣ ልጆች ወይም አዛውንት ከያዛችሁ፣ ወይም ይህ የመጀመሪያ የውጭ ጉዟችሁ ከሆነ ሲንጋፖርን ምረጡ። ውድነቷን ሃውከር ሴንተር በመብላት ታካክሱታላችሁ። ሳምንትና ከዚያ በላይ ካላችሁ፣ ማምሸት ከወደዳችሁና ትንሽ ግርግር ካላስጨነቃችሁ ኩዋላ ላምፑር ትሻላለች።

ለኔ ግን ጥሩው ድርሻ አምስት ሌሊት ኩዋላ ላምፑር፣ ሁለት ሌሊት ሲንጋፖር ነው። በመሃላቸው ያለው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አውቶቡሱ ርካሽ ነው፤ አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል። ድንበር ላይ ሁለት ጊዜ ሻንጣ ይዞ መውረድ አለ።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ሲንጋፖርን መጨረሻ አድርጉት። 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለገዛችሁት ዕቃ የከፈላችሁት ታክስ የሚመለሰው ከቻንጊ በአውሮፕላን ስትወጡ ነው፤ በየብስ ወደ ማሌዢያ ከተሻገራችሁ አይመለስም። በዚያውም ከበረራው ጥቂት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። አየር ማረፊያው አጠገብ ጁወል የሚባል ሕንፃ አለ፤ በውስጡ 40 ሜትር የሚወርድ ፏፏቴ ታገኛላችሁ። ከፍተሻው በር ውጭ ስለሆነ ፍተሻውን ከማለፋችሁ በፊት እዩት።