ሽንት አስመርምራ ልብ ላተረፈችልን ነርስ

ስሜን እንዳትጽፍ ብላኛለችና አልጽፍም። የሰፈራችን ሰዎች ግን በጤና ጣቢያችን የግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን የምትፈልገውን ሲስተር ታውቋታላችሁ።

አባቴ 63 ዓመቱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ከባድ መኪና ነድቷል፤ የግፊት መድኃኒት ከጀመረ 9 ዓመት አልፎታል። ቀድሞ ይከታተልበት በነበረው ቦታ ሽንቱን በመንከሪያ ወረቀት እያዩ «ንጹህ ነው» ይሉት ነበር። እርሷም ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዳ ከብልቃጡ የቀለም ሠንጠረዥ ጋር አስተያየች። ቀለሙ አልተለወጠም፤ እርሷ ግን አላመነችውም። ወረቀቱ የሚናገረው ፕሮቲኑ ከበዛ በኋላ ነው፣ ጥቂቱን የሚይዘው አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን፣ ክሪያቲኒን ከተባለው በሽንት ከሚወጣ የጡንቻ ቆሻሻ ጋር የሚያነጻጽረው ምርመራ ነው አለች። በጤና ጣቢያው ስለማይሠራ ለውጭ ላቦራቶሪ ጻፈችለት፤ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት እንዲሰጥም አደራ አለችው።

ውጤቱ በ1 ግራም ክሪያቲኒን 140 ሚሊግራም አልቡሚን ሆነ። ጤናማው ከ30 በታች ነው። እኔ ስደነግጥ እርሷ «በዚያ ሳምንት አሞት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ለካ አተኩሶት ነበር። ትኩሳትም ሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ቁጥሩን ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርገው ይደገም አለች። ከሦስት ወር በኋላ 118 ሆነ።

አባቴ «ኩላሊቴን አሞኝ አያውቅም» ብሎ ተከራከረ።

«አባባ፣ የመኪናዎ ዘይት መሬት ላይ ጠብ ሲል ቢያዩ፣ ሞተሩ እስኪቃጠል ይጠብቁ ነበር?»

ዝም አለ። የ9 ዓመቱ ምክር ሁሉ ቢደመር ይህቺን አያህልም። አልቡሚን ደም ውስጥ መቅረት ያለበት ፕሮቲን ነው፤ በኩላሊት ማጣሪያ ሾልኮ መውጣቱ የጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ለመጎዳቱ ምልክት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ኩላሊት ላይ ብቻ አይቆምም፣ የልብንም ሥሮች ይነካል።

ሆስፒታል ላከችው። በልብ አልትራሳውንድ የግራው የልብ ክፍል ግድግዳ መወፈር መጀመሩ ታየ፤ ደረቱን አንድ ቀን እንኳ ሳያመው! ሐኪሙ ኢናላፕሪል የተባለ የግፊት መድኃኒት አዘዘለት፤ መድኃኒቱ ያመጣው ደረቅ ሳል ሲያስቸግረው ሎሳርታን በተባለ ሌላ ቀየረለት። ባለፈው ወር ቁጥሩ 52 ደርሷል፣ ግፊቱም ወርዷል።

ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ ይህን ምርመራ «የሽንት አልቡሚንና ክሪያቲኒን ንጽጽር» ብላችሁ በዓመት አንድ ጊዜ በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ። ሲስተርን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ታገኟታላችሁ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ማንንም በጥድፊያ ስለማታሰናብት ነው። አባቴ «ልቤን ለማየት ሽንቴን ለመነችኝ» እያለ ለጡረተኛ ጓደኞቹ ያወራል፤ እስካሁን ሦስቱን ይዟቸው ሄዷል።