ሱባ፣ ወንጪ ወይስ ላንጋኖ? ድንኳን ይዛችሁ ልትወጡ ካሰባችሁ

ጥቅምት ሲገባ ሁሌም የሚደጋገም ነገር አለ። ሰማዩ ይጠራል፣ ጭቃው መድረቅ ይጀምራል፣ ከዚያ ከጓደኞቻችሁ አንዱ ግሩፑ ላይ ብቅ ብሎ «ለምን ድንኳን ይዘን አንወጣም?» ይላል። በአስር ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሰው «እኔ አለሁ» ብሎ ይጽፋል። ቅድሚያ ክፍያ በቴሌብር አስገቡ ሲባል ዘጠኝ ይቀራል።

እኛ ስታዲየም አካባቢ የምንሠራ ሰዎች ነን። ስንወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከአስራ ሁለት እስከ አስራ አምስት እንሆናለን። ሱባም፣ ወንጪም፣ ላንጋኖም አድረናል። ዘንድሮ አዲስ የገቡ ልጆች «የቱ ይሻላል?» እያሉ ነጋ ጠባ ሲጠይቁኝ፣ ለእነሱ የመለስኩትን ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

ሰው ቦታ የሚመርጠው ፎቶ አይቶ ነው። ፎቶው የሚነሳው ደግሞ ፀሐይ ላይ ነው። ቀን ቀን ሦስቱም ያምራሉ፣ በዚህ አንጣላም። የሚለያዩት ማታ ነው። እናም የእኔ ምክር ቀኑን ትታችሁ ሌሊቱን አወዳድሩ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ወደ ላይ 1000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። መሀል አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ላንጋኖ 1600 ገደማ ነው። ወንጪ ግን ሐይቁ ራሱ ከ2800 በላይ ነው፣ አፋፉ ደግሞ ከ3300 ያልፋል። ስለዚህ ላንጋኖ ከእኛ ሰፈር 5 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፣ ወንጪ አፋፉ ላይ ደግሞ 6 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። ሕዳር ላይ ቤታችሁ ውስጥ ብርድ ልብስ ደርባችሁ «ኧረ ዛሬስ ባሰ» ያላችሁበትን ሌሊት አስቡ፤ ከዚያ ላይ 6 ዲግሪ ቀንሱ፣ ግድግዳውንም ቀንሱ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶቻችን እኮ ቤት ውስጥ እያደሩ ነው።

ከወንጪ ልጀምር፣ ጉድ የሆንነው እዚያ ነውና።

መጀመሪያ የሄድነው ከአንድ ጉዞ አዘጋጅ ጋር ነበር፣ ስሙን ልተወው። «ድንኳን አለ፣ ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ገብታችሁ የምትተኙበት ከረጢት) አለ፣ እናንተ ልብሳችሁን ብቻ» ተባልን። ድንኳኑ ላይ የ4 ሰው ተብሎ ተጽፏል፣ እኛም አመንን፣ አራት ሆነን ገባን። የ4 ሰው ማለት ለካ አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥሞ፣ ያለ ሻንጣ፣ ሳይገላበጥ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሸራው ነጠላ ብቻ ነው። ስለበረደን የአየር ማስገቢያውን በሙሉ ዘጋነው። ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ግንባሬ ላይ ጠብ አለብኝ። ዝናብ መሰለኝ። የስልኬን መብራት ሳበራ ጣሪያው በሙሉ አልቦታል፣ የራሳችን ትንፋሽ ነው። የአንዱ ጓደኛችን ስሊፒንግ ባግ እግሩ ጋ ሸራውን ነክቶ ርሷል፣ እሱም ተነስቶ ተቀምጧል። ማንም አላወራም። ጠዋት ስንወጣ ውጪ የተረሳው ጫማ ክሩ በውርጭ ደርቆ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ያም ሆኖ ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ተረሳ፣ እውነቱን ለመናገር። ጉሙ ከሐይቁ ላይ እየተነሳ፣ ዳገቱ ላይ እንሰት ተተክሎ፣ ፈረሰኞቹ «ፈረስ፣ ፈረስ» እያሉ ሲመጡ። ወደ ታች ሐይቁ ድረስ በእግር ወርዳችሁ፣ በጀልባ ተሻግራችሁ፣ ደሴቱ ላይ ያለውን ጥንታዊውን የወንጪ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ለእግር ጉዞ ከሦስቱ አንደኛ ነው፣ አልከራከርም። መመለሻው ዳገት ነው፣ የደከመው ፈረስ ይይዛል። ከገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ወዲህ ደግሞ ሎጅም ስለተሠራ፣ ድንኳን የማይፈልግ ሰው አብሯችሁ ካለ መፍትሔ አለው። ቦታው በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፣ ያለ ምክንያት አይደለም።

መንገዱ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል፤ ወይ በአምቦ ወይ በወሊሶ ነው። ሁለቱም መስመሮች ጸጥታው የከበደባቸውን ጊዜያት አይተዋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አካባቢ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። የአዘጋጁን «ምንም ችግር የለም» ብቻ ይዛችሁ አትነሱ፣ እሱ ሻጭ ነው።

ሱባ ሌላ ዓለም ነው። ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ማለቴ ነው፣ በሰበታ በኩል ከከተማ ከ50 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ደኑ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ መጥቶ ተተከለ ይባላል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ስትሉ ደግሞ ኮሶው፤ አንዳንዱን ዛፍ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚያቅፈው። ጉሬዛ ከላያችሁ ይዘላል፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ የምኒልክ ድኩላም ታያላችሁ። ማታ ጅብ ይጮኻል፤ የመጀመሪያ ጊዜ ለሚያድር ሰው ይህን ቀድማችሁ ንገሩት፣ እኛ ጋ አንዷ ልጅ እስኪነጋ መኪና ውስጥ ነው የተቀመጠችው።

ሌሊቱ ይበርዳል፣ ግን የወንጪን ያህል አይደለም። የደኑ የታችኛው ክፍል በከፍታ ከአዲስ አበባ ብዙ አይለይም፣ ዛፉም ነፋሱን ይሰብራል። ጠንካሮቹ እሁድ ጠዋት ወደ ወጨጫ ጫፍ ይወጣሉ፣ እሱም ከ3300 ሜትር በላይ ነው። ሰነፎቹ ደን ውስጥ ይንሸራሸራሉ፣ ወይም ጀበናውን ይጠብቃሉ። ለተደባለቀ ቡድን ከዚህ የሚመች የለም። ችግሩ መግቢያው ነው፣ ከአስፋልት ከወጣችሁ በኋላ ያለው መንገድ ዝናብ ከዘነበበት ሃይሩፍን ሊያስለቅስ ይችላል። መስከረም ላይና ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አትሞክሩት። ሌላው እሳት ነው። ዘመናትን የተሻገረ ጽድ ሥር እሳት ማንደድ ነውር ነው፣ ከሰልና ማንደጃ ይዛችሁ ጠባቂዎቹ በሚያሳዩዋችሁ ቦታ ብቻ አብስሉ።

ላንጋኖን ባጭሩ ልበለው። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን እስከ ሞጆ በፍጥነት መንገዱ ስለሆነ መንገዱ አያደክምም። ሌሊቱ ደስ ይላል፣ በሹራብ ታመሻላችሁ። ውኃው ቡናማ ነው፣ ቢልሃርዝያ የለበትም ተብሎ ስለሚታወቅ ሰው ይዋኝበታል። ልጆች ካሉ፣ መራመድ የማይወድ ሰው ከበዛ፣ ወይም የስብሰባው ዓላማ መብላትና መጫወት ከሆነ ላንጋኖ በቃ። የእግር ጉዞ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን እንዳትሸወዱ፣ ሐይቁ ዳር ሜዳ ለሜዳ ነው። ጉብኝት ከፈለጋችሁ አጠገቡ አብያታ ሻላ ፓርክ አለ። ሰው የሚረሳው ወባን ነው። ከክረምት በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ እኮ ዋናው የወባ ወቅት ነው። አጎበር የሌለው ድንኳን በር ክፍት ትታችሁ አታምሹ፣ የሚቀባውንም ያዙ።

እንጦጦስ? ለቀን ነው፣ ለልምምድም ጥሩ ነው። ጓሳስ? መንዝ ጓሳ ከሁሉም ይበልጣል፣ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም አለ፣ ግን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለሁለት ቀን አይበቃም፣ የመንገዱም ነገር ስላለ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ቀኑን ስትቆርጡ ደግሞ ካሌንደር ይዛችሁ ተቀመጡ። ከመስቀል በኋላ ያለው ቅዳሜና እሁድ ኢሬቻ ነው፣ ቅዳሜ መሀል ከተማ፣ እሁድ ቢሾፍቱ፤ በዚያ ሳምንት ወደ ላንጋኖ ማሰብ ራስን መቅጣት ነው። ሕዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ያለበት እሁድ መስቀል አደባባይ ተገናኝታችሁ ልትነሱ አትችሉም። ከሁሉም በላይ ግን ጾሙ። ሕዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ በኋላ በግ እናርዳለን ብላችሁ ያቀዳችሁት ሽሮ ይሆናል፣ ሽሮም ብርድ ላይ ክፉ አይደለም፣ ግን ቀድማችሁ እወቁት። የጽጌን ጾም የሚጾምም ሊኖር ይችላል፣ እሱ እስከ ሕዳር 5 ነው፣ ጠይቁ። እንግዲህ መሬቱ ደርቆ፣ አበባውም ሙሉ በሙሉ ሳይረግፍ፣ ሥጋም የሚበላበት መስኮት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ሕዳር 14 ነው። ጠባብ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብር አልጽፍላችሁም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚያሳፍረኝ።

ከአዘጋጅ ጋር መሄድ ከስድስት ሰው በታች ከሆናችሁ ያዋጣል። መኪናውም አስጎብኚውም በሌሎች ሰዎች ላይ ይከፋፈላል። ከአስር በላይ ከሆናችሁ ግን ሃይሩፍ ወይም ኮስተር ራሳችሁ ተከራይታችሁ መሄድ ይሻላል፣ ባይረክስም እንኳ ጊዜው የእናንተ ነው። ስትከራዩ ነዳጅ በማን ነው፣ ሾፌሩ የት ያድራል፣ አበሉስ ብላችሁ ጠይቁ፣ በጽሑፍም ይሁን። አንዴ ሾፌራችን ማታ «እኔ እዚህ አላድርም» ብሎ ከተማ ሊመለስ ሲነሳ ለምነን ነው ያስቀረነው። የነፍስ ወከፍ ሒሳቡን ደግሞ «አለሁ» ባለው ሰው ሳይሆን በከፈለው ሰው ቁጥር አካፍሉ።

አዘጋጅ ከመረጣችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። ድንኳን ውስጥ ስንት ሰው ነው የምታስገቡት? ስሊፒንግ ባጉ ስንት ዲግሪ ነው? ሁለተኛውን መመለስ ካቃተው የራሳችሁን ያዙ።

ዕቃ መግዛት ወይስ መከራየት? በዓመት አንዴ ሁለቴ የምትወጡ ከሆነ ድንኳን ተከራዩ፣ ስሊፒንግ ባግ ግዙ። ሰው የሚያደርገው ግልባጩን ነው፣ ድንኳኑ ስለሚታይ። እንቅልፍ የሚሰጣችሁ ግን ባጉና ከሥር የሚነጠፈው ነው። ባጉ ላይ ሁለት ቁጥር ካያችሁ፣ አንዱ ተመችቶ የሚተኛበት ሌላው የመጨረሻ የሚቋቋመው ነው። ሻጩ የሚያሳያችሁ ዝቅተኛውን ነው፣ እናንተ በመጀመሪያው ግዙ። ለወንጪ ዜሮ ዲግሪ ላይ የሚመች ፈልጉ። ላንጋኖ በቀጭኑም ያልፋል። ምንጣፉን አትናቁ፣ ብርዱ ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው የሚመጣው።

ባግ ለመግዛት አቅም ከሌለ ሽሮ ሜዳ ወፍራም ጋቢ አለ። ደረቅ ጋቢ በቀጭን ባግ ላይ ሲደረብ ተአምር ነው። ከረጠበ ግን ጥጥ ነውና ከነውኃው ተሸክማችሁት ትነጋላችሁ። ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ያዙት። ጃኬት ደግሞ ሳልባጅ ተራ ወርዳችሁ ብትፈልጉ አዲስ ከሚሸጠው የተሻለ ታገኛላችሁ፣ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ድንኳን የግድ የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ አስዘርጉት። ሻጩ ፊቱን ይቋጥራል፣ ይቋጥር። ውስጠኛውና የላይኛው ሸራ ለየብቻ መሆኑን እዩ፣ ነጠላ ሸራ የሆነው ለሐይቅ ዳር ጥላ እንጂ ለማደር አይደለም። ከተጻፈው ቁጥር ላይ አንድ ሰው ቀንሱ፣ ሻንጣ ካለ ሁለት። ዘንጉን ጎበጥ አድርጉት፣ ርካሹ ፋይበር ሲሰነጠቅ እጅም ይቆርጣል። ችካሎቹንም ቁጠሩ።

እኛ ዘንድሮ ሱባ ነን። አስራ ሦስት ሰው ከፍሏል፣ ከአስራ ሦስቱ አምስቱ ድንኳን ውስጥ አድረው አያውቁም፣ ወንጪን ለእነሱ መስጠት ግፍ ይሆናል። ባለፈው ሐሙስ ከሥራ በኋላ ግቢው ውስጥ ድንኳኖቹን ዘረጋናቸው፣ ዘበኛው «ማን ሞተ?» ብሎ እየሮጠ መጣ። አንዱ ድንኳን ላይ ሁለት ችካል ጎድሏል። ሃይሩፉ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከስታዲየም ይነሳል፣ ያረፈደ ሰበታ ድረስ በታክሲ ይመጣል። ጀበና የሚይዘው ሰው ገና አልታወቀም።