እራት የማይረሱት ቄስ፦ የጄምስ ዉድፎርድን የዕለት ማስታወሻ አንብቤ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ቄሱ ሊተኙ ሲሉ ከሳሎኑ መስኮት ስር ፉጨት ተሰማ። ቤት ያለው ሰው ደንገጥ አለ። ለካ ሌባ አይደለም፣ የአካባቢው ኮንትሮባንዲስት ነው። ስድስት ፓውንድ የሚመዝን ሻይ በከረጢት ይዞ መጥቷል። ቄሱ ጂን ሰጡት፣ ለእያንዳንዱ ፓውንድ ሻይ 10 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ከፈሉትና ሸኙት። ከዚያ ዋጋውን ከነፉጨቱ በማስታወሻቸው ላይ አሰፈሩት። ቀኑ መጋቢት 29 ቀን 1777 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔን ከዚህ መጽሐፍ ጋር ያወዳጀኝ ይህ ገጽ ነው። ጸሐፊው ጄምስ ዉድፎርድ ይባላሉ። በ1740 ተወለዱ፣ በ1803 የመጀመሪያ ቀን ሞቱ። የእንግሊዝ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። ከ1776 ጀምሮ እስከ ሞታቸው ያገለገሉት ኖርፎክ ውስጥ፣ ከኖሪች ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ ዌስተን ሎንግቪል በምትባል የገጠር ደብር ነው። ማስታወሻቸውን ከ1758 እስከ 1802 ጻፉ። አርባ አራት ዓመት ማለት ነው! በሕይወት እያሉ ማንም አላሳተመላቸውም። ጆን ቤረስፎርድ የተባለ አዘጋጅ ከ1924 እስከ 1931 ባሉት ዓመታት መርጦ በአምስት ቅጽ እስኪያወጣው ድረስ ከቤተሰብ አልፎ የሚያውቃቸው አልነበረም ማለት ይቻላል። እኔ የማወራላችሁ ከእነዚያ አምስት ቅጾች ተጨምቆ በአንድ ጥራዝ ስለወጣው ነው።

ስለ እቃው ልናገርና ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። መጀመሪያ በኢንተርኔት ያዘዝኩት ኮፒ መሀሉ ላይ ገጾች ተገንጥለው ወድቀው ነው የደረሰኝ። ሻጩ ገንዘቤን መለሰልኝ፣ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁለተኛውን ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ቤት እጄ ላይ አገላብጬ ገዛሁት። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ማታ ጥሩ መብራት ይፈልጋል። ያገለገለ ኮፒ የምትገዙ ከሆነ ጀርባውን ከፍታችሁ እዩት። ሙጫው የደረቀ ከሆነ አትግዙት።

አሁን ወደ ቄሱ። ስለሳቸው የሚጻፈውን ሁሉ ብታነቡ አንድ ወቀሳ ታገኛላችሁ። ሰውየው ስለ ምግብ ብቻ ነው የሚጽፉት ይባላል። እውነት ነው፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል የበሉት ተጽፏል። የተቀቀለ የበግ ታፋ፣ የተጠበሰ የበሬ ሽንጥ፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ፑዲንግ። ስለ እምነታቸው፣ ስለ ጸሎታቸው፣ ስለ ስብከታቸው ግን የሚናገሩት ጥቂት ነው። ቄስ ሆነው ሳለ ነፍሳቸው የት አለች? እኔም የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች ሳነብ እንደዚያ ብዬ ነበር።

ከዚያ ሒሳቡን መከታተል ጀመርኩ። ነገሩ የተገለጠልኝ ያኔ ነው። የእኚህ ሰው ክህነት ያለው ወጪያቸው ውስጥ ነው።

የካቲት 14 ቀን 1777ን እዩ። በዚያ ቀን ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ሳንቲም የሚቀበሉበት የአካባቢው ልማድ ነበር። ቄሱ በራቸው ላይ የመጡትን ቆጠሩ። 36 ልጆች። ለእያንዳንዳቸው አንድ ፔኒ ሰጡ፣ ድምር 3 ሺሊንግ። በዚያ ዘመን 12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ ደግሞ አንድ ፓውንድ ነበር። ይህንን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መጽሐፉ ውስጥ ብትከቱት ንባቡ በጣም ይቀላችኋል። በታኅሣሥ 21፣ በቅዱስ ቶማስ ቀን፣ ለደብሩ ድሆች ለየራሳቸው 6 ፔኒ ያድላሉ። በገና ዕለት ድሃ ሽማግሌዎችን ቤታቸው ጠርተው የተጠበሰ የበሬ ሥጋና ዘቢብ ያለበት ፑዲንግ ያበላሉ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሺሊንግ ያስይዛሉ። ከዓመት ዓመት፣ ስማቸውን እየዘረዘሩ። አንዱ ሽማግሌ ከዝርዝሩ ሲጠፋ ሞቷል ማለት ነው። ይህን ሳውቅ የገናውን ገጽ እየፈራሁ ማንበብ ጀመርኩ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ያንን ሥርዓት ካላወቅን መጽሐፉ አይገባንም። ደብሩን የሰጣቸው ጳጳስ አይደለም። የተማሩበት የኦክስፎርዱ ኒው ኮሌጅ ቄስ የመሾም መብት ነበረው፣ ኮሌጁ ነው የመረጣቸው። ገቢያቸው በዓመት ወደ 400 ፓውንድ ይገመታል። አብዛኛው አሥራት ነው። ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን ለደብሩ ቄስ የመስጠት ሕጋዊ ግዴታ ነበረበት፣ ወደደም ጠላም። በዌስተን ይህ በገንዘብ ተተምኖ በዓመት አንድ ጊዜ በታኅሣሥ መጀመሪያ ይከፈላል። ማንም ገበሬ አሥራት ሲከፍል ደስ አይለውም። ስለዚህ ቄሱ በዚያ ቀን ድግስ ይደግሳሉ።

የታኅሣሥ 3 ቀን 1776 ድግስ የመጀመሪያቸው ነበር። 17 ከፋዮች ምሳ በሉ፣ ከፊሉ ሳሎን፣ ከፊሉ ማድ ቤት። ጨው ዓሣ፣ የበግ ታፋ፣ የጥጃ ሥጋ፣ የአሳማ ፊት፣ የበሬ ሽንጥ ጥብስ፣ ፑዲንግ በሽ በሽ። 6 ጠርሙስ ወይን ወረደ፣ አንድ ጋሎን ተኩል ሩም ተጠጣ፣ ጠላውን ማን ቆጠረው። (ጠላ ያልኩት የእንግሊዞቹን ቤት የሚጠመቅ ቢራ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ቃል የለንም።) ሁሉም ተደስቶ ሄደ ብለው ጽፈዋል። የምግብ ዝርዝሩን ጥጋብ ነው ብሎ የሚያልፍ አንባቢ ትልቁን ነገር ይስታል። ያ ምሳ በቄሱና በገበሬው መካከል ያለው ስምምነት ነው። እጁን ዘርግቶ የሚቀበል ቄስ እጁን ዘርግቶ ማጉረስም ነበረበት።

ግን ልዩነቱን አልደብቅም። ቤን የሚባለው የእርሻ ሠራተኛቸው የዓመት ደመወዝ 10 ፓውንድ ነበር። ያች በሌሊት በፉጨት የመጣች ሻይ ብቻዋን ከ3 ፓውንድ በላይ ፈጅታለች። አስሉት፣ የቤን የአራት ወር ገደማ ደመወዝ ነው። ኮንትሮባንድ ባይሆን ደግሞ ከዚያም በላይ በሆነ ነበር፣ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ የሻይ ቀረጥ ከሻዩ ዋጋ ይበልጥ ነበር። መንግሥት ቀረጡን ወደ 12.5 በመቶ ያወረደው በ1784 ነው። ቄሱም፣ ሐኪሙም፣ ባለርስቱም ከኮንትሮባንዲስት መግዛቱ ማንንም የማያስገርም ነገር ነበር። ዉድፎርድ ሕግ እየጣሱ መሆኑን ያውቃሉ፣ ግን አንድም ቦታ ሲጸጸቱ አላየሁም። ይህ ይከነክነኛል። ሆኖም ጽፈውታል፣ አልሸሸጉትም፣ ያመንኳቸውም በዚህ ነው።

ከመጽሐፉ ሁሉ ልቤን የነካው ገጽ ስለ ምግብ አይደለም። ጥር 25 ቀን 1787 ቄሱ ሁለት ሰዎችን አጋቡ። ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ናት። ሙሽራው የመጣው ተይዞ ነው። ልጁ ያለ አባት ከተወለደ ለማሳደግ የሚከፍለው ደብሩ ስለሆነ፣ ሕጉ ወንዱን ለማሳደጊያው ዋስትና ካልሰጠ እስር ቤት ወይም ጋብቻ ምረጥ ይለው ነበር። ሰውየው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ረጅም ሰዓት እምቢ ብሎ ቆመ። በመጨረሻ ገባ፣ በመሠዊያው ፊትም ክፉ ጠባይ አሳየ። ቄሱ 10 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ተቀበሉ። ከዚያ ሰውን በሕግ አስገድዶ ማጋባት ጭካኔ ነው ብለው ጻፉ። በቃ። ስብከት የለም፣ ሀተታ የለም። ክፍያውን ግን ጽፈዋል፣ ልክ የአንድ ፓውንድ ሻይ ዋጋ! እሳቸው ይህንን አላስተዋሉም፣ እኔ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

እኛ አገር ቄስ ሚስት ሳያገባ አይቀስስም፣ ወይ ይመነኩሳል። በአንግሊካን ግን ቄስ ሳያገባም ሊቀር ይችላል፣ ከቀሰሰ በኋላም ሊያገባ ይችላል። ዉድፎርድ ሳያገቡ ነው የሞቱት። በ1774 ቤትሲ ዋይት የምትባል ወጣት ለማግባት ጠይቀዋት ነበር። እሷ ግን በቀጣዩ ዓመት ሌላ ሀብታም ሰው አገባች። ቄሱ ከዳችኝ ብለው ጻፉና ከዚያ ወዲያ ወሬው ተዘጋ። በ1779 የወንድማቸው ልጅ ናንሲ ወደ ዌስተን መጣች፣ እስኪሞቱ ድረስም አብራቸው ኖረች። የቤቱ ሙቀት እሷ ናት። እሷም በበኩሏ ማስታወሻ ትይዝ ነበር።

ከአንግሊካን የገጠር ቄሶች ማስታወሻ ስሙ በጣም የሚነሳው የፍራንሲስ ኪልቨርት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1870ዎቹ፣ በዌልስ ድንበር ክላይሮ የምትባል መንደር ውስጥ ረዳት ቄስ ሆኖ ጻፈ። በ1879 በ38 ዓመቱ፣ ባገባ በአምስተኛው ሳምንት ሞተ። የማስታወሻው ብዙ ክፍል በዘመዶቹ እጅ ተቃጥሏል። አጻጻፉ ከዉድፎርድ እጅግ ያምራል፣ ተራራው፣ ብርሃኑ፣ በፋሲካ ዋዜማ በመቃብሮች ላይ የሚደረደረው አበባ ዓይን ላይ ይሄዳል። ስለ ትንንሽ ልጃገረዶች የጻፋቸው ቦታዎች ግን ዛሬ ሲነበቡ ያሳቅቃሉ፣ ለሰው ስመክር ይህንን ሳልናገር አላልፍም። ለውበት ከሆነ ኪልቨርት። አንድ የገጠር ደብር እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ ግን ዉድፎርድ ይበልጣል።

ጉድለቱስ? ትልቁ የአዘጋጁ መቀስ ነው። አንድ ጥራዝ ለማድረግ ሲባል ደረቆቹ ቀኖች ተቆርጠዋል፣ የተረፉት አሳቂዎቹና አስገራሚዎቹ ናቸው። ለምሳሌ ሚያዝያ 15 ቀን 1778 ቢራ ሲጠመቅ ሁለቱ ትልልቅ አሳማዎቻቸው አተላ ጠጥተው እንደ ሬሳ ተዘረሩ። በማግስቱም ግቢው ውስጥ እየወደቁ እየተነሱ ዋሉ፣ ከሰዓት በኋላ ነው ስካሩ የበረደላቸው። ከእኛ ገጠር የመጣ ሰው አተላ ምን እንደሚያደርግ ያውቃልና ይህን ሲያነብ ይስቃል። ወይም ሰኔ 4 ቀን 1776። ጥርሳቸውን ያመማቸው ቄስ በደብሩ ጥርስ የሚነቅል ሽማግሌ አስጠሩ። ሽማግሌው ድዳቸውን ገንጥሎ የጥርሱን ሥር ሰበረው። ፊታቸው አበጠ። 2 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ከፈሉትና፣ ጥርስ ለመንቀል በጣም አርጅቷል፣ ዓይኑም ደህና አያይም ብለው ጻፉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይራገም ነበር። እነዚህ ግሩም ናቸው፣ ግን ተከታትለው ሲመጡ ሕይወቱ ቀልድ ብቻ ይመስላል። ሙሉው ማስታወሻ በስማቸው በተቋቋመ ማኅበር በብዙ ቅጽ ታትሟል። አቅምና ጊዜ ያለው እሱን ቢያገኝ ይሻለዋል።

ሌላው፣ ታላላቅ የዓለም ዜናዎች በአንድ መስመር ነው የሚያልፉት። ሐምሌ 24 ቀን 1789 በፈረንሳይ ታላቅ አመፅ እንዳለ ከጋዜጣ አነበብኩ ይላሉ፣ ከዚያ ኑሮው ይቀጥላል። ታሪክ ፈልጎ የሚገዛ ሰው ሊያዝን ይችላል። እኔ ግን ኅዳር 1776 ላይ ሁለት አገልጋዮቻቸውን የፈንጣጣ ክትባት ያስከተቡበትን ገጽ ከአብዮቱ ዜና አስበልጣለሁ። ሐኪሙ ክንዳቸውን እንዴት እንደወጋ ጻፉ፣ እግዚአብሔር መልካም ፍጻሜ ይስጣቸው ብለው ጸለዩ። ነፍሳቸው የት አለች ላልኩት፣ እዚያ ገጽ ላይ አገኘኋት።

ቦታውንም ሄጄ አየሁት። ቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል፣ ግድግዳው ላይ የእሴይን ዛፍ (ከዳዊት አባት ከእሴይ የሚወርደውን የክርስቶስን የትውልድ ሐረግ) የሚያሳይ የመካከለኛው ዘመን ሥዕል አለ። ከፊት ለፊቱ ያለው መጠጥ ቤት ስሙ የእሳቸው ነው። የኖሩበት ቤት ግን ፈርሷል፣ ያ ኮንትሮባንዲስት የፏጨበት መስኮት የለም።

እንዴት ላንብበው ለምትሉ፦ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። የኦክስፎርዱ የተማሪነት ክፍል ይጎተታል። ግንቦት 1776 ላይ፣ ወደ ዌስተን ሲገቡ ክፈቱት። በቀን አራት አምስት ገጽ ብቻ፣ ከእራት በኋላ። በአንድ ቅዳሜ ልጨርሰው የሚል ሰው ይሰለቻል። እኔ ሦስት ወር ፈጀብኝ፣ የመጨረሻው ገጽ ጥቅምት 17 ቀን 1802 ላይ ነው። ልብሳቸውን መልበስ አቅቷቸዋል፣ ሰው ደግፎ ነው ከደረጃ ያወረዳቸው፣ ናንሲ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ምሳ የበሬ ጥብስ። አሁን የናንሲን ማስታወሻ እየፈለግሁ ነው። ያላችሁ ካላችሁ አውሱኝ፣ በሳምንት እመልሳለሁ።